ራቁቱን የቀረ ቁልፍ

ሰኞ ጠዋት መርማሪ ቬርና ኒሚ የሎክሼድን ቢሮ በር ስትከፍት ሽታው ከሰው ቀድሞ ተቀበላት። ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ማርች ተጋምሶም ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ ገና አልተሰነጠቀም። ቢሮው ውስጥ ግን ማሞቂያው ከዓርብ ጀምሮ እስከ ጫፉ ተከፍቶ ሰንብቷል፤ ሬሳውም ከዓርብ ጀምሮ እዚያው ነው። ኒሚ በፖሊስ ሥራ ላይ ያረጀች፣ ብዙ ያሸተተች ሴት ናት። ሆኖም መሐረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ያዘች፤ በዚህም አላፈረችም።

ሟቹ ኤልዊን ስቶርዳል ነበር፤ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጢሙን የማያበጥር ፕሮግራመር። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በካልሲው ነው የሞተው። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ማሸጊያና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሉ። ስለዚህ ጠርሙስ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኤልዊን ማኘክ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር ምሳውም እራቱም በውሃ የተበጠበጠ ግራጫ ዱቄት ነው። ጠርሙሱን ደግሞ አጥቦት አያውቅም። ውስጡ በላይ በላዩ የደረቀ ቅርፊት ይዟል፤ አፉ አካባቢ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ምንም ቢጨመር ጠጪው ጣዕሙን አይለየውም።

ኒሚ በጓንት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። ከታች ነጭ ዱቄት ዘቅጧል።

«ክኒኑ ተፈጭቷል» አለች ለራሷ። ራሱን የሚገድል ሰው ክኒን ይውጣል እንጂ አድቅቆ አይበጠብጥም። ጠርሙሱን መልሳ አስቀምጣ እጇን ኮቷ ላይ ጠረገች፤ ጓንት ማድረጓን ረስታው ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው ሜቪስ ትሮምብሊ ናት፤ የደንበኞችን ስልክና ደብዳቤ የምትመልስ፣ ሁሉን ሰው «የኔ ቆንጆ» የምትል ወፍራም ሴት። ሬሳው ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ቡና አፍልታለች፤ ቤቷ የጋገረችውን ኬክም ቆራርጣ ሳህን ላይ ደርድራለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ይቀመጡ። ቡና ልቅዳልዎት? አሁን የተፈጨ ነው።»

ኒሚ ስኒውን አየችው። ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቡናማ ቅባት ደርቋል። «ይቅርብኝ። ሽታው ሳይረብሽሽ ነው ያፈላሽው?»

«ምን ላድርግ? እሱ እኮ በሕይወት እያለም ይሸት ነበር!» ሜቪስ አፏን በእጇ ከደነች። «ነፍሱን ይማረው። ያን ጠርሙስ እጠብ ብዬ ስንቴ እንደለመንኩት! ጠዋት ስገባ አየሁት፣ ጮህኩ፣ ለፖሊስ ደወልኩ። ከዚያ ኮምፒውተሬን ስከፍት ደብዳቤው አለ። ዓርብ ማታ ነው የተላከው።»

«የዓርብ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ሳይነበብ እንዴት ቆየ?»

«የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ነው። የምንሠራባቸው ቁልፎች ከዚህ ቢሮ አይወጡም። ቁልፍ ከሌለ ደግሞ ደብዳቤ አይነበብም።»

ሎክሼድ ደብዳቤ የሚመሰጥር ፕሮግራም ነው። ቁልፍ የሚሉት ኮምፒውተር ላይ እንደማንኛውም ፋይል የሚቀመጥ ነገር ነው፤ የተመሰጠረው የሚፈታው በእሱ ነው፣ የሚፈረመውም በእሱ ነው። ጠበቆች ይገለገሉበታል፤ ከባሎቻቸው ዱላ የሸሹ ሴቶችን የሚደብቁ ቤቶችም ከዊስኮንሲን እስከ ዳኮታ ይገለገሉበታል። የቢሮው ሰዎች ምሳ ምን እንብላ የሚለውን እንኳ መስጥረውና ፈርመው ነው የሚላላኩት። ፊርማው ትክክል ከሆነ ከደብዳቤው በላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ምልክቱ ከበራ በኋላ ሌላ ነገር የሚጠይቅ የለም።

ሜቪስ ኮምፒውተሯን ወደ ኒሚ አዞረችላት። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ «ሼሪ ቤልኮርት የተደበቀችበትን ቤት ለባሏ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ መኖር አልችልም። ኤልዊን።» ከላይ አረንጓዴው በርቷል።

ኒሚ የሼሪን ስም ታውቀዋለች። ባለፈው ወር ባሏ የገደላትን ሼሪን ከመደበቂያው ቤት ወለል ላይ ያነሳት የእሷው የፖሊስ ክፍል ነው። ባሏ ታስሯል፤ ቤቱን እንዴት እንዳገኘው ግን ትንፍሽ አላለም። የቤቱ ኃላፊ ሲግኔ ስቶርዳል ናት፤ የሟቹ ታላቅ እህት።

ቀጥሎ የገባው ትሬቨር ኦስትሉንድ ነው፤ ፕሮግራሙን ከኤልዊን ጋር ይሠራ የነበረ ወጣት። ቡናውን እንደያዘ ተቀመጠ፤ ወዲያው አዛጋ።

«ባልደረባህ ሞቶ እንቅልፍህ መጣ?»

«ይቅርታ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሁለተኛ ስኒዬ ነው፣ ጭራሽ ዓይኔ ይከደናል።»

«ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል?»

«መጻፍማ ማንም ይጽፋል። መፈረም ግን የኤልዊን ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ የይለፍ ቃል አለው፣ ያንን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሒሳብ ነው እኮ! ሒሳብ አይዋሽም።»

«ሰው ይዋሻል።»

«አረንጓዴ ነው» አለ ትሬቨር፣ ደግሞም አዛጋ።

የድርጅቱ ባለቤት ዴንተን ላርኪን የራሱ ክፍል አለው። ኒሚ ስትገባ እጁን በአልኮል ያሻሽ ነበር፤ ያ ሽታ ከሬሳው ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል።

«እርስዎ ቡና አይጠጡም?»

«ሰሞኑን ሆዴን ስላመመኝ ትቼዋለሁ። ምን ልበልዎት መርማሪ፣ ኤልዊን ለእኔ ወንድሜ ነው። ይህን ቤት አብረን ነው ያቆምነው።»

«ደብዳቤው ደርሶዎታል?»

«ዛሬ ጠዋት እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ አነበብኩት። አረንጓዴ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አብሮኝ ሲበላ ሲጠጣ መኖሩን ሳስብ ያመኛል።»

«ኮምፒውተርዎን ሌላ ሰው ይከፍተዋል?»

«እንኳን ሌላ ሰው፣ ሚስቴም የይለፍ ቃሉን አታውቀውም። ምስጢር መጠበቅ ሥራችን ነው እኮ» ብሎ ፈገግ አለ።

ፈገግታው ሳይበቃ፣ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ለከተማው ጋዜጣ ሰጠ። «አንድ ሠራተኛችን የጣልንበትን እምነት በልቷል፤ ፕሮግራማችን ግን እንከን የለውም» የሚል ቃልም ጨመረበት። ሬሳው ገና አልተገነዘም ነበር። ኒሚ በማግስቱ ጋዜጣውን ስታነብ ቁርሷን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

ሲግኔ ስቶርዳልን ያገኘቻት የመደበቂያው ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ ስትፈገፍግ ነው። ሼሪ የወደቀችበት ቦታ ነው።

«ታጥቧል፤ መታጠቡን አውቃለሁ» አለች ሲግኔ ሳትነሳ። «ግን ይሸተኛል። ሌሎቹ አይሸተንም ይላሉ፣ እኔን ይሸተኛል።»

ኒሚ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለች ሲግኔ። «ወንድሜ ነው የሸጣት? ይህን ፕሮግራም እዚህ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ስለሠራው። ሼሪንም በሱ ጻፊልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«እስካሁን አላውቅም።»

«እኔ ያወቅኩ መሰለኝ።» መፈግፈጊያውን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። «ባለፈው ረቡዕ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሎ። ‹የቤቱን ኮምፒውተሮች በሙሉ አጥፊ፣ እኔ ሳልነግርሽ እንዳትከፍቻቸው› አለኝ። ለምን ስለው ‹አቅለሸለሸኝ ሲግኔ፣ ሰኞ እነግርሻለሁ› ብሎ ሄደ። እንዲህ የሚለው በደሉን የሚያውቅ ሰው አይደለም?»

«የመጣው ይህን ሊነግርዎት ብቻ ነው?»

«ፍላሹን ሊመልስም ነው።» ሲግኔ ፍሪዘሩን ከፍታ ከአጋዘን ሥጋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ፍላሽ አወጣች። «ሁልጊዜ እኔ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። የዚያን ዕለት ጠዋት ወሰደው፣ ማታ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«ሌሎቹ ቤቶችስ? ኮምፒውተሮቻቸውን አጥፍተዋል?»

«ለምን ብለው ያጠፋሉ? ሻጩ ሞቷል ተብሎ በጋዜጣ ወጥቶ የለ?»

ኒሚ የፈራችው ይህንን ነው። ኤልዊን ሻጭ ከሆነ ነገሩ በእሱ ሞት አብቅቷል። ካልሆነ ግን ባልየው ሼሪን ያገኘበት ቀዳዳ አሁንም ክፍት ነው፤ በየቤቱ የተደበቁት ሴቶችም ተደብቀናል ብለው ተቀምጠዋል።

ረቡዕ ጠዋት ፍላሹን ይዛ ትሬቨር ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ሰው ከሥጋ ሥር የሚደብቀው ፍላሽ ምን ይባላል?»

«ዋናው ቁልፉ ነዋ» አለ ትሬቨር። «ጠንቃቃ ሰው ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ በየቀኑ የሚፈርምበት የዕለት ቁልፍ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። ዋናው ደግሞ ከኢንተርኔት ርቆ ይደበቃል። ኤልዊን በዋናው ደብዳቤ ፈርሞ አያውቅም።»

«ይህ የመጨረሻው ደብዳቤ በየትኛው ነው የተፈረመው?»

«አረንጓዴ ነው እኮ…»

«ቀለሙን አልጠየቅኩህም።»

ትሬቨር አረንጓዴውን ምልክት ተጫነው። ከሥሩ ረጅም የቁጥር መስመር ተዘረጋ። የኤልዊንን የቆዩ ደብዳቤዎች እየከፈተ አስተያየው፤ አንዱንም አይመስልም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«በዋናው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ማንም ተጭኖ አላየውም። እኔም አላየሁትም።»

«ዓርብ ዕለት ዋናው ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቅጂ አለ ማለት ነው። ቅጂው ከየት መጣ?»

ትሬቨር ጥፍሩን መብላት ጀመረ።

«ትሬቨር፣ ይህ ቢሮ የሚሸተው በሬሳው ብቻ አይደለም። ተናገር።»

«ፕሮግራማችን ድሮ የሚቀበለው አሮጌውን የቁልፍ ፋይል ዓይነት ብቻ ነበር። አዲሱን ዓይነት ሲያስገቡበት ‹ይህን ፋይል አላውቀውም› ይላል። ደንበኞች አማረሩ። ዴንተን በሳምንት ውስጥ ፍታልኝ አለ። እኔም አዲሱን ወደ አሮጌው ቀይሮ እንዲያስገባው አደረግኩ።» ለሙከራ አንድ ቁልፍ ፈጠረና ወደ ፕሮግራሙ ጎትቶ ጣለው። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ጠየቀ፣ ተቀበለ፣ አመሰገነ። ከዚያ ትሬቨር ተጠቃሚ የማያየውን የጊዜያዊ ፋይሎች ማህደር ከፈተ። «ይኸው። ሲቀይር አንድ ቅጂ እዚህ ይተዋል። የይለፍ ቃል የሌለው፣ ራቁቱን የሆነ ቅጂ። አዲሱ ፋይል ሁለቱንም ቁልፍ ይይዛል፤ አሮጌው ዓይነት የሚይዘው ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ዋናው ብቻ ነው የሚተርፈው። ላጠፋው ነበር። ለጊዜው ብዬ ነው የተውኩት። ዴንተን ይውጣ አለ፤ ወጣ።»

«ሼሪ ከመሸሿ በፊት ቁልፏን ያስገባችው ከባሏ ጋር በሚጋሩት ኮምፒውተር ላይ ነው» አለች ኒሚ። «የመደበቂያው ቤት አድራሻ የተላከላትም ለዚያ ቁልፍ ተመስጥሮ ነው። ባሏ ራቁቱን የቀረውን ቅጂ አግኝቶ ደብዳቤውን ፈታው ማለት ነው።»

ትሬቨር አፉን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። ኒሚ ሲያስመልስ ሰማችው፤ አላሳዘናትም። የተፋው እንኳ ለሼሪ አልነበረም፤ ለራሱ ፈርቶ ነው።

ሲመለስ ፕሮግራሙ የሚፈተንበትን የቢሮውን የሙከራ ኮምፒውተር እንዲከፍት አዘዘችው። ኤልዊን ረቡዕ ዕለት በገዛ ቁልፉ ጉድለቱን የፈተነው እዚያ ላይ ነው፤ የፈተናው መዝገብ አለ። የጊዜያዊ ፋይሎቹ ማህደር ግን ባዶ ነው። ዓርብ ማታ አንድ ሰው ጠርጎታል። ኒሚ በቆመችበት ለሲግኔ ደውላ፣ ለየቤቱ በስልክ እየደወለች ፕሮግራሙን እንዲዘጉና ሴቶቹን ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዛውሩ ነገረቻት። ስለ ወንድሟ ግን ገና ምንም አላለቻትም፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ አላረጋገጠችም። ከሰዓት በኋላ ከቤተ ሙከራ ስልክ ተደወለላት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው የቡና መፍጫ ጥርሱ ሥር የእንቅልፍ ክኒን ዱቄት ተገኝቶበታል።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። መስኮቶቹ ተከፍተው ውርጩ ይገባል፤ ሽታው ግን ምንጣፉን ይዞ ቀርቷል። ሜቪስ፣ ትሬቨርና ዴንተን ኮምፒውተሮቻቸውን አምጥተው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሲግኔ በሩ አጠገብ፣ ዩኒፎርም ከለበሰው ፖሊስ ጎን ቆማለች። ተቀመጪ ቢሏትም እንቢ ብላለች።

«በመጀመሪያ» አለች ኒሚ፣ «ኤልዊን ስቶርዳል ማንንም አልሸጠም።»

ኒሚ ይህን ያለችው ሲግኔን እያየች ነው።

«ኤልዊን የሠራው አንድ ነገር ነው። ሼሪ ከሞተች በኋላ ባሏ እንዴት አገኛት የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነስቶት ይህ ቤት የሚሸጠውን ፕሮግራም ፈተነው። ቁልፍ ሲያስገቡበት ራቁቱን የሆነ ቅጂ ትቶ እንደሚሄድ አገኘ። የተጠቀመው በገዛ ዋና ቁልፉ ነው፤ ስለዚህ የእሱም ቅጂ የሙከራው ኮምፒውተር ላይ ቀረ። ሜቪስ፣ ስለዚህ ቅጂ የጻፈልሽ ደንበኛ ነበር?»

ሜቪስ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንዳንዶች… አንዳንዶች ‹ይህ ፋይል ምንድን ነው› ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዴንተን ‹ችግር የለውም፣ ሰርዙት በያቸው› አለኝ።»

«አልሻቸው?»

«አልኳቸው።» ድምፅዋ ቀነሰ። «የፈገግታ ምልክትም ጨምሬበታለሁ። ሁልጊዜ እጨምራለሁ።»

«ሂጂና የፈገግታ ምልክትሽን መቃብሯ ላይ አድርጊላት!» አለች ሲግኔ ከበሩ።

ሜቪስ ማልቀስ ጀመረች። ማንም ዞሮ አላያትም።

«ኤልዊን ያገኘውን ለአንድ ሰው ነገረ፤ ሰኞ ለደንበኞች በሙሉ እንደሚያሳውቅም ነገረው» ብላ ቀጠለች ኒሚ። «ያ ሰው ዓርብ ዕለት ክኒን ፈጭቶ፣ ምንም ቢጨመርበት ጣዕሙ የማይለወጠው ጠርሙስ ውስጥ በጠበጠ። ኤልዊን ሲተኛ የኤልዊን ኮምፒውተር ክፍት ነበር፤ ደብዳቤ ለመላክ ይበቃል። ለመፈረም ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስለዚህ ሰውየው ራቁቱን የቀረውን ቅጂ ወስዶ የራሱ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ፈረመበት። አረንጓዴ በራለት። ሁላችሁም አረንጓዴ ከበራ እንደማትጠይቁ ያውቃል።»

«ትሬቨር ነው የሠራው እኮ፣ ያን ነገር!» አለ ዴንተን። «ቅጂው የት እንዳለ ከሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

«ትሬቨር ምልክቱን ተጭኖ ያሳየኝ ራሱ ነው። ገዳይ ቢሆን አያሳየኝም። ደግሞም ክኒኑ የተፈጨው በወጥ ቤቱ ቡና መፍጫ ነው። ሰኞ ጠዋት ሜቪስ በዚያው ፈጭታ አፈላች። ትሬቨር ሁለት ስኒ ጠጥቶ ፊቴ ላይ ሲያዛጋ ዋለ። እሷም ጠጥታለች፣ ለእኔም ልትቀዳልኝ ነበር። መፍጫው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሰው አይጠጣም።»

ሜቪስ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እኔ ሆዴን አሞኝ ነው!» አለ ዴንተን።

«እንግዲያው ሁላችሁም የኤልዊንን ደብዳቤ ክፈቱልኝ።»

ሦስቱም ከፈቱ። በሜቪስ ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴው በራ። በትሬቨርም ላይ በራ። ኒሚ ዞራ ሄዳ ከዴንተን ትከሻ በላይ አጎነበሰች። የአልኮሉ ሽታ ዛሬም እጁ ላይ ነው። በአረንጓዴው ቦታ ላይ ግራጫ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል፤ «ፈራሚው አይታወቅም» ይላል።

«የቆዩትንም ክፈት» አለችው። ከሰኞ ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው ነበር፤ አሁን ተወችው።

የቆዩት የኤልዊን ደብዳቤዎችም በሙሉ ግራጫ ናቸው።

«አብራችሁ ይህን ቤት ያቆማችሁ ሰው ነው። ወንድሜ ያልከው ሰው ነው። ኮምፒውተርህ ግን አያውቀውም። ሰኞ ጠዋት ‹አረንጓዴ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ› ብለኸኝ ነበር። አላየህም። ሜቪስ ስትል ሰምተህ ነው። ትሬቨር፣ አንድ ሰው ያስገባውን የሌላ ሰው ምስጢራዊ ቁልፍ ከፕሮግራሙ ላይ ሲያጠፋው ምን ይሆናል?»

ትሬቨር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የሰውየውን ይፋዊ ቁልፍም አብሮ ያጠፋል፤ ፊርማውን የምናመሳክርበትን። ለይቶ አያጠፋም። እሱንም ላስተካክለው ነበር።»

«እሱንም ልታስተካክለው ነበር» አለች ኒሚ። «ዴንተን፣ አሻራህን ስታጠፋ ኤልዊንን ጠቅላላ አጠፋኸው። እዚህ ቤት ይህን ያደረገ ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ሚስትህ እንኳ አታውቀውም።»

«አዝኜ ነው ያጠፋሁት! ስሙን ማየት አቅቶኝ!»

«ሚስትህ የይለፍ ቃልህን አታውቅም፤ አንተ ግን የክኒኗን ቦታ ታውቃለህ። በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ወደ እሷ ፋርማሲ ነው የወሰደኝ። ትናንት ጠየቅኳት፤ ክኒኔ ዓርብ ጠዋት ጠፋብኝ አለችኝ።»

ዴንተን የአልኮል ጠርሙሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በንግድ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ተናገረ።

«ድርጅቱን የሚገዙት የቺካጎ ሰዎች በዚህ ሳምንት ሊፈርሙ ነበር። ከተፈረመ በኋላ ቀዳዳውን እንደፍነዋለን፣ ለማንም አይወራም ብዬ ለመንኩት። ትንሽ ታገስ ብዬ ለመንኩት! እንቢ አለ። ለአንዲት ሴት ብሎ የሁላችንን እንጀራ ሊደፋ? ያ ባሏ እንደሆነ ሌላ መንገድ አያጣም ነበር።»

ኒሚ ብዙ ገዳይ አይታለች። ሰክሮ የገደለ፣ ቀንቶ የገደለ፣ ፈርቶ የገደለ አይታ አንዳንዱን አዝናለትም ታውቃለች። ይህኛው ግን አስጠላት። ጠርሙሱ ውስጥ ከበቀለው ነገር በላይ አስጠላት። ካቴናውን ራሷ ልታደርግለት አስባ ነበር፤ እጁን መንካት ስለቀፈፋት ለፖሊሱ ሰጠችው።

«ውሰደው። የመኪናው መስኮት ይከፈት» አለች።

ሲወጣ በሲግኔ አጠገብ ማለፍ ነበረበት። ሲግኔ አልመታችውም፣ አልሰደበችውም። ኮቷን ሰብሰብ አድርጋ እንዳይነካት ዞር አለችለት።

ከዚያ ኒሚን «ለሼሪ እናት ማን ይነግራታል?» ብላ ጠየቀቻት። «በጋዜጣ ያነበበችው ወንድሜ እንደሸጣት ነው።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«አይሆንም። እኔ ነኝ የምነግራት። እርስዎ ይንዱልኝ።»

ወይዘሮ ቤልኮርት የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። በሩን ከፍታ ሲግኔን ስታይ መልሳ ልትዘጋው ነበር፤ ኒሚን ከኋላ አይታ ተወችው። አስገባቻቸው እንጂ ተቀመጡ አላለቻቸውም። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው።

ሲግኔ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ቅጂው፣ ስለ ዴንተን። አሮጊቷ ሳታቋርጣት ሰማች።

«ባሏንማ አውቀዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እኔ የፈለግኩት የሸጣትን ሰው ነው። ወንድምሽ ካልሸጣት ማን ነው የሸጣት?»

«ማንም አልሸጣትም። አንድ ፋይል ሳይጠፋ ቀርቶ ነው። ያውቁ ነበር፤ በኋላ እናስተካክለዋለን ብለው ተዉት።»

«ሌሊት ሌሊት ልጄ ምን አድርጋቸው ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው። ምን በድላቸው ነው እንዲህ የጠሏት እያልኩ።»

«አልጠሏትም እማማ» አለች ሲግኔ። «አያውቋትም። ስሟን የሰሙት ከሞተች በኋላ ነው።»

አሮጊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዶቿ መቆማቸውን ያኔ ነው ያየችው መሰለኝ፤ በእጇ ወደ ሌሎቹ ወንበሮች አሳየቻቸው። ሲግኔ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ኒሚም ተቀመጠች። በሐዲዱ ላይ ባቡር አለፈ።

«ጠልተዋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች ወይዘሮ ቤልኮርት።